የእትዬ ሸዋዬ ኩላሊትና ዘጠኙ ጀሪካን

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ውስጥ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። «እውነት የእትዬን ሆድ ዕቃ በቴሌቪዥን አያችሁት?» ይለኛል። አዎ፣ አይተነዋል። ነገሩን ግን ዝናብ ውስጥ ቆሜ ለሃያ ሰው ሃያ ጊዜ ከማወራ፣ አንድ ጊዜ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ተቀምጫለሁ። የምጽፈው ሄዶ ለማያይ ሰው ነው፤ የሚሄድማ በዓይኑ ይየው።

ለማያውቀን ሰው ማን ማን እንደሆንን ልናገር። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እትዬ ሸዋዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የእትዬ ጾም እንደ ሌላው ሰው ጾም አይደለም። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ቀርቶ የውኃ ጠብታ ከአፏ አይገባም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ባሏ የሞተ ዓመትም፣ ወባ የያዛት ዓመትም አላቋረጠችም። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ከቆየሁ ብዙ ነው። ለዚህም «የመንግሥት ጾመኛ» ትለኛለች፤ ከምሳ ሰዓት አያልፍም ማለቷ ነው።

የሄድነው በሜሮን ምክንያት ነው። ሜሮን የሟቹ ወንድማችን ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ካዛንችስ ነው። በዚያ ክረምት የፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥናት ይዛ ነበር። ፊዚዮሎጂ ማለት የሰውም የእንስሳም አካል ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምር ትምህርት ነው። የእሷ ጥያቄ በጾም ሰዓት ኩላሊት ውኃን እንዴት አድርጎ እንደሚቆጥብ ማወቅ ነው። ለዚህም በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶችን ትፈልጋለች። ደወለችልኝና «ጋሼ፣ በቃ እቴቴ ሸዋዬን ይዘውልኝ ይምጡ። እንደ እሳቸው የሚጾም ከየት አባቴ አመጣለሁ?» አለችኝ። ለእትዬ ስነግራት ለአፍታም አላሰበችበትም።

«ለልጅቷ ትምህርት ከሆነ ኩላሊቴን አውጥታ ትየው» አለች።

ፍልሰታ እንደገባ ሰኞ ጠዋት ስንነሳ ጉሙ የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር። እትዬ አንድ ጆንያ ገብስ፣ አንድ ከረጢት በሶና ሁለት ጋቢ ይዛለች። «አዲስ አበባ ገብስ የለም እንዴ?» ብላት «የኛ ገብስ የለም» አለችኝ። ጣርማ በር ሳንደርስ የኋላው ጎማ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወንዱ ሁሉ ወርዶ ሲገፋ እኔ ከጎማው ኋላ ቆሜ ኖሮ፣ ለአዲስ አበባ ብዬ የተኮስኩት ግራጫ ሱሪ እስከ ጉልበቱ የመንዝን መሬት ይዞ ቀረ። ደብረ ብርሃን ላይ ሾፌሩ ለምሳ ሲያቆም እትዬ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ረዳቱ አዘነላትና መጣ።

«እማማ፣ መንገደኛ እኮ አይጾምም» አላት።

«መንገዱን የምትሄደው መኪናዋ ናት፤ እኔ ተቀምጫለሁ» አለችው። ረዳቱ እየሳቀ ወረደ፤ ሲመለስ ግን በመስኮቷ በኩል ዝናብ እንዳይገባባት ላስቲክ ወጥሮላት ሄደ።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ አስር ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ በሁለት ታክሲ ካዛንችስ ገባን። በዚያ ክረምት ከተማው ለባቡሩ ሐዲድ ሲባል ግማሹ ተቆፍሯል፤ የቀረው ግማሽ ላይ ደግሞ መኪናው ሁሉ ተደራርቧል። የታክሲው ወያላ ጆንያውን አንስቶ ከእኔ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠውና «ፋዘር፣ ጓደኛዎትን ደግፈው ይያዙልኝ» አለኝ። ጓደኛዬን ደግፌ ኡራኤልን አለፍን።

ማረፊያችን የወንድሜ ሚስት የአስቴር ቤት ነው። አስቴር ከባሏ ሞት በኋላ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ እየሸጠች ልጇን ያስተማረች ሴት ናት። ከመንገዱ ዳር ያለው ሕንፃ ሁሉ መስታወት ነው። በጎኑ ባለው መተላለፊያ ገባ ሲባል ግን ሌላ አገር ነው፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የቀበሌ ቤት፣ አሁንም አሁንም ጎንበስ የሚያስብል የልብስ ማስጫ ሽቦ። እኛ አገር ጎረቤት ጋ ለመድረስ ማሳ ይቋረጣል፤ እዚያ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባለው ከአልጋ ሳይወረድ ነው። ቧንቧ ግቢው ውስጥ አለ፤ ውኃው ግን ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣው። አስቴር በሰማያዊ በርሜሎች ሞልታ፣ ከድና፣ በላዩ ድንጋይ ጭና አስቀምጣዋለች። እትዬ በርሜሎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች አየች።

«እኔ ደግሞ አዲስ አበቤ ውኃ አይቀዳም መስሎኝ!» አለች።

አስቴር የራሷን አልጋ ለእትዬ ለቀቀች፤ ለእኔ ሶፋውን ዘረጋችልኝ፤ እሷና ሜሮን ወለል ላይ ተኙ። ብንለምናትም አልሰማችንም። «ከመንዝ ድረስ በዝናብ ተጉዛችሁ መጥታችሁ፣ እዚህ ወለል ላይ ላስተኛችሁ?» ብላ ተቆጣች።

ማክሰኞ ጠዋት እኔ እንቅልፍ ላይ ሳለሁ እትዬና አስቴር ኡራኤል ሄደው፣ ኪዳን አድርሰው፣ ጸበላቸውን ጠጥተው ተመለሱ። ከዚያ ሜሮን እኔንና እትዬን ይዛን ወደ ለገሃር ሄደች። የጥናቱ ክፍል ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ለመድረስ በተቆፈረው ቦይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ መሻገር ነበረብን። እኔ ግራ ቀኝ እያየሁ ስሻገር እትዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ እንደ ፍየል ተሻገረችና ማዶ ቆማ ጠበቀችኝ።

የሜሮን አማካሪ ዶክተር ተስፋዬ ይባላሉ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን በጣታቸው ወደ ላይ የሚገፉ፣ ቀስ ብለው የሚያስረዱ ሰው ናቸው። እትዬን ተነስተው ተቀበሏት። ሜሮን ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ድምፅዋን የቢሮ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እቴቴ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ የበሉት ወይም የጠጡት ነገር አለ?»

«ምንም» አለች እትዬ።

ደም ቀዱላት፤ ሽንቷን በትንሽ ኩባያ ሰጠች። ሜሮን ጣት የምታህል ረዘም ያለች መሣሪያ አወጣች። ከጫፏ ባለው መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ይደረግና ክዳኑ ይዘጋል፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሮ በሌላው ጫፍ ማየት ነው። አሳየችኝ። ውስጡ ክብ ነው፤ ላዩ ሰማያዊ፣ ታቹ ነጭ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ቁጥር ይነበባል። ንጹሕ ውኃ ሲሆን መስመሩ ከሥር ይቆማል። ኩላሊት ውኃውን አስቀርቶ ሽንቱን ካወፈረው መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። በሽንት ጠብታ ውስጥ ሰማይ የመሰለ ነገር አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ኩላሊትን በጠመኔ፣ እንደ አደንጓሬ ፍሬ እየሣልኩ አስተምሬያለሁ፤ ሥራውን ግን ያን ዕለት ገና አየሁ።

የእትዬ መስመር ከሥር ነበር። ሜሮን ጠርጋ ደገመችው፤ ያው ነው። ዶክተሩ ራሳቸው አዩት፤ የስኳር ምርመራ አዘዙ፤ ስኳር የለባትም። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እትዬ አስጠግተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ከማታ ጀምሮ ውኃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ እንዲህ ውኃ መምሰል አልነበረበትም። ኩላሊት ውኃ መያዝ የሚያቅተው ሕመም አለ። ያ ከሆነ ሳይጠጡ መዋል አደገኛ ነው፤ ሰውነት ይደርቃል። እስክናጣራ ድረስ ይጠጡ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ?»

«አሁን።»

ገና አራት ሰዓት ነበር። ሜሮን በብርጭቆ ውኃ አመጣች። እትዬ ብርጭቆውን ተቀበለች። ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጋረደችና ጠጣች። ስትጨርስ ዓይኗ እርጥብ ነው። ወባ ያላስፈታትን ጾም አንዲት ብርጭቆ አስፈታቻት። በመልሱ መንገድ ሳንቃውን ስንሻገር እጄን ያዘች።

አስቴር የጾም ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ስልጆውን ደርድራ ጠበቀችን። እትዬ ግን ባትጾምም አልበላ አላት። «ሌላው እየጾመ ምኑ ይጣፍጠኛል?» አለችና ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቀች። ውኃውን ብቻ በዶክተሩ ትእዛዝ እንደ መድኃኒት ትጎነጭ ነበር።

ረቡዕ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ የዶክተር ተስፋዬ ጓደኛ የሆኑ ሐኪም በአልትራሳውንድ እንዲያዩዋት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲው፣ ቁፋሮው፣ ዝርዝር ሳንቲም ቆጣሪው፣ ሰልፉ ተደባልቆ፣ የመሐል ሜዳ ገበያ ሰባት ጊዜ ተደምሮ እዚያ የሚውል ይመስላል። ሜሮንን ተከትዬ ስሮጥ አንድ እግር ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ለውዝ የምትሸጥ ሴት ጃንጥላዋን ገልብጣ በእጀታው መዝዛ አወጣችልኝና «አባባ፣ አዲስ አበባ እግር ትወዳለች» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከጀሪካኗም ውኃ አፍስሳ አጠበችልኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ መጋረጃው ተዘጋ። ሐኪሙ የእትዬን ጎን ቅባት ቀብተው መሣሪያውን ሲያሳርፉበት፣ ጥቁርና ግራጫው የቴሌቪዥን መስኮት ላይ አንድ ነገር ብቅ አለ። የእኔ አደንጓሬ ነው! እትዬ ስትተነፍስ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሐኪሙ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ በውስጡ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ የሚገባና የሚወጣ ደም ነው። ከልቧ ምት ጋር እኩል ይመታል። ጠመኔዬን አስቤ አፈርኩ፤ ያን ሁሉ ዓመት የሞተ ነገር ስስል ኖሬያለሁ።

«ቅርጹ የሚያምር ኩላሊት ነው» አሉ ሐኪሙ። «ሥራው ግን በዚህ አይታወቅም።»

ዶክተር ተስፋዬም መጥተው ነበርና እትዬ ሥራው ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ።

«እማማ፣ ውኃ ቀድተው ያውቃሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ!»

«እንግዲህ ኩላሊት ከደም ውስጥ በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ገደማ ያጣራል። በጀሪካን ሲሆን ዘጠኝ ጀሪካን። ከዚያ ውስጥ የሚያስወጣው አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። የቀረውን እንዳለ ወደ ደም ይመልሰዋል። በየቀኑ።»

እትዬ ከአልጋው ላይ ቀና አለች። «ዘጠኝ ጀሪካን? እዚህ ውስጥ? እኔ ተኝቼም?»

«ተኝተውም።»

ከዚያ የነገሯትን እኔም እንደ ተማሪ ነበር የሰማሁት። ከአንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ሰውነት ውኃ ሲያንሰው መልእክት ትልካለች፤ መልእክቱ ሲደርስ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ውኃ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች ይከፈታሉ፤ ውኃው በእነሱ በኩል ወደ ደም ይመለሳል። ውኃ ሲተርፍ መልእክቱ ይቆማል፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ትርፉ ይወጣል። እኔ ዲፕሎማዬን ስይዝ እነዚህ በሮች በመጽሐፋችን ውስጥ አልነበሩም። በረሃ ውስጥ ውኃ ሳትጠጣ የምትኖር አይጥ አለች፤ ግመልም አለ፤ በሮቻቸው ከእኛ እንዴት እንደሚለዩ ዛሬም ይጠናል። ሰው ስለ ራሱ ጎን ገና እየተማረ ነው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደሚባለው፣ እኔ በአራት መስመር ማስታወሻ ስኮራ ኖሬያለሁ።

እትዬ ግን ሌላ ነገር ይዟታል። «እና የእኔ በረኛ አንቀላፋ ነው የምትሉኝ?» አለች።

ዶክተሩ አልሳቁም። «ነገ እናውቃለን። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም አይጠጡ፤ ጠዋት ይምጡ። መስመሩ ከወጣ ይጾማሉ። ካልወጣ ግን እማማ፣ ከእንግዲህ ሳይጠጡ መዋል የለም።»

ሐሙስ ጠዋት እኔም አብሬያት ኡራኤል ሄድኩ። ላጽናናትም፣ ቤተ ክርስቲያኑን ልየውም ብዬ ነው። እሷ ካልጠጣች እኔም አልጠጣም ብዬ ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ለመንግሥት ጾመኛ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ ያካፋል፤ ነጠላው ሁሉ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግቷል። ኪዳን አድርሰን ጸበል ቦታ ስንደርስ እትዬ ደጋግማ እየተቀበለች ጠጣች። ለእኔም ትልቁን ኩባያ ሞልታ ሰጠችኝ። አንዱን ስጨርስ «በሥላሴ ስም ነው፣ ሦስት ነው» ብላ ሁለት ጨመረችልኝ። ቅዝቃዜው ጥርስ ይነቅላል። ከዚያ ታክሲ ይዘን ለገሃር ሄድን።

«እቴቴ፣ ከማታ ጀምሮ የጠጡት ነገር?» አለች ሜሮን።

«ምንም።»

«እኔ ምስክር ነኝ፤ ከዓይኔ አልተለየችም» አልኩ።

መስመሩ ከሥር ነበር።

ዶክተር ተስፋዬ ሁለት ጊዜ አይተው መሣሪያዋን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። መነጽራቸውን አወለቁ። «እማማ፣ አዝናለሁ። ለኩላሊት ስፔሻሊስት እጽፍልዎታለሁ። ውኃ ግን ከአጠገብዎ እንዳይለይ።»

እትዬ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። «እንግዲህ ከሰው ተለየሁ» አለች። «ሰፈሩ በሙሉ ሲጾም እኔ ጓዳ ገብቼ ልጠጣ ነው።» ሜሮን ልታቅፋት ሄዳ ራሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ሽንቴ መጥቶ ነበርና፣ አንድ ባዶ ኩባያ አንስቼ ወጣሁ። የጤነኛ ሰው መስመር የት እንደሚቆም አይቼ ልዩነቱን ልረዳ ብዬ ነው። ተመልሼ ጠብታዬን አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የእኔም ከሥር ነው!

«ሜሮን፣ ይቺ መሣሪያ ተበላሽታለች» አልኩ። ወሰደችብኝና በሌላ ናሙና ሞከረቻት፤ ደህና ናት። የእኔን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ጠጥተዋል?»

«ምንም! እንደ እሷ ነው ያደርኩት።»

«ዶክተር፣ ማለቴ… የዘር ነው ማለት ነው? የእኔም አባት ወንድማቸው እኮ ነው!»

ዶክተሩ እኔንና እትዬን በየተራ አዩን። «ጠዋት ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉ።

«ከኡራኤል።»

«ኡራኤል ምን አደረጋችሁ?»

«ኪዳን አደረስን፣ ተሳለምን፣ ጸበላችንን ጠጣን…» አልኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ከታች የቁፋሮው መኪና ድምፅ ይሰማል።

«ስንት?» አሉ ዶክተሩ፣ በቀስታ።

«እኔ ሦስት ትልልቅ ኩባያ።»

«እማማስ?»

«ጸበል ይቆጠራል እንዴ? እስኪበቃኝ ነዋ» አለች እትዬ።

ዶክተር ተስፋዬ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። «እኔ ራሴ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አምና ለምርመራ ደም ስሰጥ ምንም አልቀመስኩም ብያለሁ። ጸበል ጠጥቼ!»

እትዬ ተቆጣች። «ጸበል እኮ ውኃ አይደለም!»

«አይደለም እማማ፤ ለእርስዎም ለእኔም አይደለም። ኩላሊት ግን ቤተ ክርስቲያን ስላልሄደ አይለየውም።»

ይህን የምታነቡ የአገሬ ሰዎች፣ የማክሰኞውን ነገር ስጽፍ «ጸበላቸውን ጠጥተው» ብዬ ነበር። ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ልብ ብሏል? እኔ የባዮሎጂ መምህሩ ሦስቱን ኩባያ ጨልጬ ምስክር ቆሜያለሁ። የሚገርመኝ ደግሞ ኩላሊቱ ነው። ታመመ ስንለው የሰነበተው ሥራውን ሲሠራ ነው የሰነበተው። ጠዋት ውኃው ሲተርፍ በሮቹን ዘግቶ ትርፉን አስወጣ። የማናስተውለው እኛ ነበርን እንጂ በረኛውስ አላንቀላፋም።

ሜሮን ዓይኗን አብሳ ወዲያው የጥያቄ ወረቀቷን ሳበችና «ጸበልስ?» የሚል ጨመረችበት። ከዚህ በፊት የመጡትን እናቶች ሁሉ እንደገና መጠየቅ ይኖርባታል። «ለነገ ግን» አለች፣ «እቴቴ ጸበሉን አንድ ቀን ይተዉልኝ።»

«አልተውም» አለች እትዬ።

«እቴቴ!»

«የሰባት ቀን ነው የያዝኩት፤ ዛሬ ሦስተኛው ነው። አላቋርጥም።»

«ለምን ብለው ነው የያዙት?»

እትዬ አንገቷን አቀረቀረች። «ጥናትሽ እንዲቃናልሽ ብዬ ነዋ» አለች።

ሜሮን ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች።

ዓርብ ጠዋት ተያይዘን ኡራኤል ሄድን። እትዬ ነገሩን ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ነገረቻቸው፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡ። «ልጄ፣ ጸበሉን በጠርሙስ ቅጂና ያዢ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከእህል በፊት ትጠጪዋለሽ። ቀኑ ያው ቀን ነው» አሏት። ስናመሰግናቸው «ውጤቱን ንገሩኝ፤ እኔም ስለ ኩላሊቴ ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉን።

እትዬ ጠርሙሱን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ለገሃር ገባች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው ብንላት እሺ አላለችም። «ከሽንት ኩባያዎቻችሁ ጋር?» አለች። ልክ ናት። እስከ ስምንት ሰዓት እንደታቀፈችው ተቀመጠች። ውኃ እንዳልቀመሰ ሰው ከንፈሯ ደርቋል። ስምንት ሰዓት ላይ ኩባያዋን ይዛ ወጥታ ተመለሰች። ሽንቱ ጠቁሯል። ሜሮን አንዲት ጠብታ አደረገች፤ ክዳኑን ዘጋች፤ ወደ መስኮቱ ዞረች። መሣሪያዋን ለዶክተሩ ሰጠቻቸው። ዶክተሩም አይተው ለእኔ አቀበሉኝ።

መስመሩ ወጥቶ ወጥቶ ከላይ ነው። ነጩ ሰማያዊውን ገፍቶ ክቡን ሊሞላው ደርሷል።

«በዚህ ዕድሜ!» አሉ ዶክተር ተስፋዬ። «እማማ፣ የእኔ እንኳን እዚህ አይደርስም። ይጹሙ፤ ሌላ ምን እላለሁ?»

እትዬ እልል አላለችም። መሣሪያዋን ተቀበለችኝ፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ብርሃኑ አየች። ብዙ ጊዜ አየች። ከመስኮቱ ባሻገር የባቡር ጣቢያው ጣሪያ ይታያል፤ እሷ ግን ያንን እያየች አይደለም።

«ስልሳ ዓመት ሙሉ ጾምኩ እል ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ለካ የሚጾመው እሱ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጠርሙሱን ከፈተች። መጀመሪያ ራሷ ጠጣች፤ ቀጥላ ለሁላችንም ለዶክተሩም ጭምር አቀመሰችን። ሜሮን ስትጠጣ እትዬ ግንባሯን ዳበሰቻት። ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም።

ሰባቱ ቀን እስኪሞላ ካዛንችስ ሰነበትን። አስቴር ስትሸኘን ጆንያችንን በስኳርና በሳሙና ሞልታ መለሰችው፤ ባዶ ዕቃ አይመለስም ብላ። ማክሰኞ ማታ መሐል ሜዳ ገባን። ጉሙ እንደተውነው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለተማሪ ምዝገባ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ እትዬን ምንጩ ዳር አገኘኋት። ቢጫ ጀሪካኗ ሞልቷል፤ ላንሳልሽ ብዬ ጠጋ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ማንም የማያያት መስሏት ሳይሆን፣ ቢያያትም ግድ ስለሌላት፣ መዳፏን ጎኗ ላይ አሳረፈች፤ ልጅ ሲያስተኙ እንደሚደረገው መታ መታ አደረገችው።

«ዘጠኙን አንተ ተሸክመሃል» አለችው። «ይቺን አንዷን እንኳ እኔ ልያዝ።» ጀሪካኑን አዝላ ዳገቱን ወጣች፤ ዘጠኝ ሰዓት ለመሙላት ገና ሰባት ሰዓት ይቀረው ነበር።